ቀለም ያልነካው ስንዴ

ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ስርጉት፤ ገሳይ

እንዴት ሰነበትሽ? በሬዎቹ እንዴት ናቸው? ጎረቤቱስ? እኔ ከሙቀቱና ከወባው ጋር እየታገልኩ አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚያ የስልክ መስመሩ ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽን ከሰማሁ አራት ወር ሊሆነኝ ነው። ሾፌሩ አያሌው ደብዳቤሽን አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ወደኛ ለሚመጣ የጭነት መኪና ሰጥቶልኝ ትናንት ደረሰኝ። ደረሰኝና አናደደኝ።

«የባለሀብት ፓልም ከአይጥ ስትጠብቅ የናትህን ማሳ ረሳህ፤ አይጥ ጨረሰው» ትይኛለሽ? ይህን ለመጻፍ እጅሽ እንዴት እሺ አለሽ? እኔ እዚህ በረሃ የወረድኩት ለሽርሽር ነው እንዴ? በሰብል ጥበቃ ተመርቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብረ ታቦር ላይ ሥራ ፈትቼ ስዞር ማን ቀጠረኝ? የዘይት ፓልሙ ፍሬ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ሲበስል አይጦቹ ግንዱን ወጥተው ይቦረቡሩታል፤ እኔ ደግሞ ከአሥራ አምስት ሠራተኞች ጋር መርዝ ከተሰበረ በቆሎ ጋር እየለወስኩ በየዛፉ ሥር አኖራለሁ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ የምውለው ወድጄ አይደለም። ሥራዬ ስለሆነ ግን አይጥ እንዴት እንደሚጠፋ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

አያሌው የሚያደርስልሽ ጥቅል ውስጥ ዱቄቱ አለ። ቀዩን ቀለም ተወው ያልሽው ነገር ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። እዚህ የምንለውሰው ሁሉ ቀይ ቀለም ይገባበታል። ቀለሙ ለአይጥ አይደለም፤ ለሰው ነው፤ ያየ ሁሉ እህል ነው ብሎ እንዳያነሳው። ግን ምክንያትሽ ገብቶኛል። አምና የግብርና ባለሙያው ያደላችሁ ቀይ ስንዴ ድንበር ላይ ሲገኝ መተት ተደረገብን ተብሎ ሁለት ቤተሰብ ዱላ እንደተማዘዘ፣ ሽማግሌው አያ ደሞዜም ጠበል አስረጭተው ሁሉንም ጉድጓድ እንዳስገቡት ጽፈሽልኛል። ዘንድሮም ቀይ ነገር ካዩ ማንም አይተባበርሽም። ስለዚህ ዱቄቱን ብቻ ልኬልሻለሁ፤ ቀለሙን ትቼዋለሁ።

አሁን ደህና አድርገሽ አንብቢ። ሦስት ቀን ንጹህ ስንዴ እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ በክምሩ ዙሪያና በድንበሩ ላይ ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር አኑሩ። አይጥ ተጠራጣሪ ናት፤ አዲስ ነገር ቶሎ አትቀምስም። ንጹሁን ስትለምደው ታምናለች። በአራተኛው ቀን ዱቄቱን ከስንዴና ከትንሽ ዘይት ጋር ለውሳችሁ እዚያው ቦታ ላይ ተኩ፤ ባለቀ ቁጥር ጨምሩ። በዕለቱ አልሞተችም ብላችሁ እንዳትሰድቡኝ። ይህ መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል እንጂ ወዲያው አይገድልም፤ ከአምስት ከስድስት ቀን በኋላ ታያላችሁ። ማሳው የሚዋሰነው አሥራ ሦስቱም ቤት በአንድ ቀን ይጀምር፤ አንዱ ከቀረ አይጡ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። ዶሮ ዝጉ፣ ውሻ እሰሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ማሸጊያውን አውልቄዋለሁ። ከየት አመጣሽው ለሚልሽ ከገበያ ገዛሁት በይ፤ ከዚያ በላይ አትናገሪ። አይጡ ሲያልቅ ደግሞ የናትህን ማሳ ረሳህ ያልሽኝን ቃል በወረቀት ጽፈሽ ትመልሺልኛለሽ፤ ካልመለስሽልኝ ለፋሲካም አልመጣም።

ወንድምሽ አንዱአምላክ


ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንዱአምላክ

ሰላምታውን ዛሬ እለፈኝ። ለሰላምታ የሚሆን ልብ የለኝም።

በሁለተኛው ወረቀትህ ሠራ ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ አዎ ሠርቷል። በስድስተኛው ቀን የሞተውን አይጥ ከክምሩ ሥር በአካፋ ነው የዛቅነው። አያ ደሞዜ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰው ሁሉ እየሰማ መረቁህ። እኔም የእሱ እህት ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አሁን ያን ቀን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

የሺ ታማለች። የሺን መቼም አልረሳሃትም። ከወንዙ ማዶ ብቻዋን የምትኖረው፣ መሬት የሌላት፣ በአዝመራ ጊዜ ከአጫጆች ኋላ እየሄደች ቃርሚያ የምትለቅመው የሺ። እናታችን በሕይወት ሳለች የማሳውን ዳር ሳታሳጭድ የምትተውላት የሺ። ከታኅሣሥ መባቻ ጀምሮ ድዷ መድማት ጀመረ፤ ክንዷና ጭኗ ማንም ሳይነካት በለዘ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም ብለው ኪኒን ሰጧት። እነሱ ምን ያድርጉ? የነገራቸው ሰው የለም።

ባለፈው ረቡዕ አጥሚት ይዤላት ሄድኩ። ተኝታለች፤ ስታየኝ ደስ አላትና እንግዳ ገብቶ ባዶ አፉን አይቀመጥም ብላ ከትራስጌዋ ጣሳ አነሳች። «ቅመሺ» አለችኝ። ስንዴ ነው። ወደ አፌ ላደርገው ስል የዘይቱ ሽታ መጣብኝ።

«ከየት አገኘሽው የሺ?» አልኳት።

«አንድ የእግዜር ሰው ከድንጋይ ሥር እያኖረልኝ ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ ሦስት ቀን ጥሬውን አኖረልኝ። ቀጥሎ ጾሙን አስቦ ነው መሰል በዘይት አሽቶ ያኖርልኝ ጀመር። ማን እንደሆነ አላውቅም። መታየት አልፈለገም። በየማለዳው ስመርቀው ነው የምውለው።»

ጣሳውን ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ። አበደች ሳትለኝ አልቀረችም። ደጅ ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ያንን ስንዴ በድንበራችን ላይ ያኖርኩት በገዛ እጄ ነው። ሦስቱን ቀን ስንዴው ሲያልቅ አይጡ ለመደ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ አፍንጫዋ መድማት ጀመረ፤ ደሙም አልቆም አለ። ለአያ ደሞዜ ነገርኳቸው። አሥራ ሦስታችንን ሰበሰቡና የአይጥ መርዝ የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ አስማሉን። እሷን ደግሞ ጣራ ገዳም ጠበል እንውሰዳት አሉ። ጠበሉን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ እሳቸው ግን የፈለጉት ጠበሉን ሳይሆን ጥያቄ የሌለበትን ቦታ ነው። እኔ ተጣልቼ በቃሬዛ አስይዤ አስፋልት አወጣኋትና ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አስገባኋት። ሐኪሙ «ምን በልታ ነው? መድኃኒት ነገር ነክታለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን አላውቅም አልኩት። ምያለሁና አላውቅም አልኩት! ቆሜ፣ ዓይኑን እያየሁ!

አሁን ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የዱቄቱን ስም ጻፍልኝ። ስሙን ካገኘሁ ለሐኪሙ ብቻ ሹክ እለዋለሁ። መሐላዬን እኔና ንስሐ አባቴ እንጨርሰዋለን። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ሳትውል ሳታድር ጻፍ። አያሌው የሚመጣውን መኪና ቆሞ እንደሚጠብቅልኝ ቃል ገብቶልኛል።

እህትህ ስርጉት


ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ስርጉት

እንዴት ነሽ? የሺስ ተሻላት? ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ምግብ አልወርድልኝ ብሏል። ሆኖም እኔን እንደ ነፍሰ ገዳይ ቆጥረሽ መጻፍሽ አንጀቴን አቃጥሎታል።

ምን ያላልኩት አለ? ዶሮ ዝጉ አላልኩም? ውሻ እሰሩ አላልኩም? እጅ ታጠቡ አላልኩም? መርዝ የተቀመጠበት ማሳ ላይ ቃርሚያ እንዲለቀም ማን ፈቀደ? እዚህ እርሻ ውስጥ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር ሰው ዝር አይልም፤ ጥበቃ አለ። እናንተ አንድ ሰው ድንበሩ ላይ አቁማችሁ አትግቡ ማለት አቃታችሁ? አሥራ ሦስት ቤት ሆናችሁ አንዲት ሴት መንገር አቃታችሁ?

ቀለሙንስ ተወው ያለችኝ ማናት? ደብዳቤሽ እጄ ላይ አለ። «ቀዩን እንዳታደርግበት፣ ሰው ያስደገምኩ ይመስለዋል» ያልሽው አንቺ ነሽ። ቀለም ቢኖረው የሺ ባልነካችው ነበር። ይህን ሳትጽፊ ሌላውን ሁሉ ጻፍሽ።

የዱቄቱን ስም አላውቀውም። በጆንያ ነው የሚመጣልን፤ መድኃኒት ብለን ነው የምንጠራው። እኔ ለዋሽ ነኝ እንጂ ኬሚስት አይደለሁም። አያ ደሞዜ ዝም በሉ ያሉት ደግሞ አስበውበት ነው። ሐኪም ቤት መርዝ የሚል ቃል ከተጻፈ ፖሊስ ይመጣል፤ ፖሊስ ከመጣ ከየት መጣ ይላል፤ እዚህ ደግሞ በወር መጨረሻ መጋዘኑ ይቆጠራል። የያዝኩትን እንጀራ አጥቼ እስር ቤት ብገባ የሺ ትድናለች? የበላችው ጥቂት ነው። ሰው እንደ አይጥ አይደለም፤ ይቋቋመዋል። ጎመን ቶሎ ቶሎ አብዪያት፤ ጎመን ለደም ጥሩ ነው። በራሱ ይወጣላታል።

እባክሽ እታለም፣ ታገሺ። አንድ ሁለት ሳምንት ብቻ ዝም በይ።

ወንድምሽ አንዱአምላክ


ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንዱአምላክ

ስሙን አላውቀውም ትለኛለህ? እኔን? ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በእጅህ የምትለውሰውን ነገር ስሙን አላውቀውም? በልጅነትህ የፍየል ክትባት ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነብ የማታልፍ ልጅ ነበርክ። ማሸጊያውን አውልቄዋለሁ ብለህ ራስህ ጽፈህልኝ የለም እንዴ? የሚወለቅ ማሸጊያ ስም የሌለው ነው? ስድስት ቀን መኪና ተሳፍሮ ውሸት መጣልኝ! አያሌው ወረቀቱን ሲሰጠኝ እጁን ሳምኩት። አንብቤ ስጨርስ በሳምኩት እጅ አፈርኩ።

ቀለሙን ያስተውኩ እኔ ነኝ። አልክድም። ሰው መተት አደረገች እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እውነትህን ነው፤ አጥፍቻለሁ። ግን እኔ ቀለሙ ለምን እንደሚገባ አላውቅም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር። «ለሰው ነው» ብለህ በራስህ እጅ ጽፈህ፣ እያወቅህ ትተህ ላክህ። ቃርሚያን ደግሞ ማን ፈቀደ ትለኛለህ። ቃርሚያ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው? ከታጨደ ማሳ ድሀ አትግባ የሚል ሰው በዚህ አገር ተፈጥሮ ያውቃል? ዶሮው ትዝ አለህ፣ ውሻው ትዝ አለህ፣ የሺ ትዝ አላለችህም። እኔም ትዝ አላለችኝም። እናታችን ግን ማጭዱን ሳታነሳ በፊት የምታስበው እሷን ነበር። የናትህን ማሳ ረሳህ ያልኩህን ቃል መልሺልኝ ብለህ ነበር። አልመልሰውም።

ይልቅ ስማ። መልስህን ሳልጠብቅ ታኅሣሥ 18 ቀን ለሐኪሙ ነገርኩት። ከወላይታ የመጣ ልጅ እግር ሐኪም ነው። ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘጋሁና «የአይጥ መርዝ ነው የበላችው፤ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁህም እኔ ነኝ» አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ከወንበሩ ዘሎ ተነስቶ ነርሷን ተጣራ። መርፌውን የዚያኑ ሰዓት ጀመሩላት። ቫይታሚን ነው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን የአፍንጫዋ ደም ቆመ።

ከዚያ ጠርቶ አስቀመጠኝ። «እናቴ፣ ይህ መርዝ ብዙ ዓይነት አለው» አለኝ። «አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ከሰውነት ይወጣል። አንዳንዱ ወራት ይቀመጣል። እኛ ጋ ያለው መድኃኒት ደግሞ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ብቻ ነው። የወራቱ ዓይነት መሆኑን ካወቅሁ ከሌላ ቦታ ብዙ አስመጣለሁ። ካላወቅሁ ግን ያለው ሲያልቅ ደህና መስላ ትወጣለች፤ ቤቷ ሄዳ እንደገና ልትደማ ትችላለች። ስሙን ያምጡልኝ።»

ገባህ? ስሙን የምለምንህ አንተን ለማሳሰር አይደለም። ሐኪሙ ቀን ለመቁጠር ነው የፈለገው።

ነገሩ ከሐኪም ቤት ተወርቶ ደረሰና እኔ መሐላ አፍርሰሻል ተብዬ ተለይቻለሁ። አያ ደሞዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኙኝ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ወንፈሉ የሁሉንም ስንዴ ወቅቶ የእኔ ተራ ሲደርስ አንድም ሰው አልመጣም። ክምሬ ብቻውን ቆሟል። ሁለቱን በሬዎች እየነዳሁ ብቻዬን ማበራየት ጀምሬአለሁ፤ እኔው ነጂ፣ እኔው አንሺ ሆኜ። ለዚህ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ዛሬ ያንተን ወረቀት ሳነብ ነው።

ሰው ከሆንክ ስሙን ላክ።

ስርጉት


ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም

ስሙ ብሮዲፋኩም ነው። ሌላውን ነገር ከማንበብሽ በፊት ከዚህ ወረቀት ጋር ያያያዝኩትን የማሸጊያውን ቁራጭ ለሐኪሙ ስጪው። ያወለቅሁት ማሸጊያ ነው። አልጣልኩትም ነበር፤ ትራሴ ሥር ነበር። ሐኪሙ ካነበበው የወራቱ ዓይነት መሆኑን ያውቃል። አዎ፣ የወራቱ ነው። ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ጎመን አብዪያት ያልኩሽ።

ደብዳቤሽ በገና ዋዜማ ደረሰኝ። ሠራተኛው ሁሉ በግ ተጋርቶ ሲያርድ እኔ መለወሻው ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። የቀለሙ ጣሳ ፊቴ ነው። ያን ቀን ዱቄቱን ስሰፍር ቀለሙን በማንኪያ አንስቼው ነበር፤ ከዚያ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝና መልሼ ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። ያኔ አንድ አፍታ ብቻ፣ ሰው ቢያነሳውስ ብዬ አስቤአለሁ። እነሱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ ብዬ አለፍኩት። ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው። ቀለሙን ያስተውሽው አንቺ ብትሆኚም፣ ባለሙያው እኔ ነበርኩ። አይሆንም ማለት የኔ ሥራ ነበር። ዝናዬ እንዲወራልኝ ፈለግሁ። በዓመቱ ስመጣ አያ ደሞዜ ተነስተው ወንበር እንዲለቁልኝ ፈለግሁ።

በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም። በእሳቸውም ግን ደሜ ፈልቷል። ድሀ እየሞተች ሰው የሚያስምሉ ሽማግሌ ናቸው? ምርቃታቸውን መልሺላቸው። ወንፈል የከለከሉሽን ሰዎች ስም ሁሉ ጻፊልኝ፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት እናገራቸዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ማሸጊያው ላይ የመጋዘኑ ቁጥር አለ። ሐኪሙ ስሙን ከገለበጠ በኋላ አቃጥዪው። የኔን ስም ደግሞ ለማንም አትስጪ። የጠየቀሽ ሰው ካለ ከገበያ ገዛሁት በይ። የየሺን ነገር እኔ በሌላ መንገድ እክሳታለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ አልረሳትም። ሥራዬን ካጣሁ ግን ለማንም አልሆንም። ይህን አስቢልኝ።

መምጣት እፈልጋለሁ። ፈራሁም። ልምጣ ወይስ ልቅር? አንቺ ቁረጪልኝ።

ወንድምሽ አንዱአምላክ


ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአንዱአምላክ

ልምጣ ወይስ ልቅር ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ሌላውን አንብብ።

ወረቀትህ የደረሰኝ ጥር 7 ቀን ነው። መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር። የሐኪም ቤቱ መድኃኒት ያለቀው ጥር 2 ቀን ነው። ደሟ ደህና ይረጋ ስለነበር ሐኪሙ እየከበደውም ቢሆን፣ አንዳች ነገር ካየሽ ሮጠሽ ተመለሺ ብሎ አስወጣት። እኔ ቤት ወስጄ አስተኛኋት። ጥር 5 ቀን ጠዋት ውሃ ላቀብላት ስል ጣሳው ከእጇ ወደቀ። አፏ ወደ አንድ ወገን ዞሯል። መልሼ ሐኪም ቤት አስገባኋት፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደምቶ ነው አሉኝ። ታኅሣሥ 15 ቀን «አላውቀውም» ብለህ በጻፍክበት ቦታ ላይ ያንን አንድ ቃል ብትጽፍ ኖሮ መድኃኒቱ ገና ሳያልቅ ሌላ ይመጣ ነበር። ሐኪሙ ማሸጊያውን ሲያይ ራሱን ያዘ። የዚያኑ ዕለት ከባሕር ዳር አስመጣ። አራት ወር ትወስዳለች፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በሕይወት አለች። አፏ ተመልሷል፤ ትናገራለች። ቀኝ እጇ ግን አይጨብጥም። ሐኪሙ ይመለስ እንደሆነ እንጃ ይላል። በሁለት ጣት አንድ ዘለላ ስንዴ ከመሬት ለማንሳት የሚበቃ እጅ እንኳ አይደለም አሁን።

ጥር 9 ቀን ሁሉንም ነገርኳት። የአንተን ወረቀት አልደበቅሁም፤ የእኔንም ጥፋት አልደበቅሁም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ስናገር ጣሪያውን እያየች አዳመጠችኝ። ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሦስቱን ቀን ንጹህ ያደረጋችሁት ለምንድን ነው?»

«አይጦቹ እንዲለምዱት ነው» አልኳት።

«እኔም ለምጄ ነበር» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲህ ከእጄ ውሃ እንጂ እህል አትቀበለኝም። የምትበላው ነርሶቹ የሚሰጧትን ነው።

አሁን ስለ ስምህ ልንገርህ። ትናንት ፖሊስ መጣ። ሐኪሙ በሕጉ መሠረት አመልክቶ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልደብቅህ ቆርጬ ነበር። ወንድሜ ነህ፤ እናታችን ስትሞት እጄ ላይ የተወችው አንተን ነው። ከገበያ ገዛሁት እላለሁ ብዬ አፌን አዘጋጅቼ ነበር።

አያ ደሞዜ ቀድመው ተናገሩ። ምን እንዳሉ ልጻፍልህ። «እኛ በገዛ ማሳችን ለአይጥ መድኃኒት አኖርን። ሴትዮዋ ሳትጠየቅ ማሳ ገብታ፣ ድንጋይ ፈንቅላ፣ የሰው ንብረት አነሳች። ስርቆት ነው። በሌባ ላይ ለደረሰ ነገር ማን ይጠየቃል?» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የሺ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች።

አንዱአምላክ፣ እኔ በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ትናንት ጮህኩ። «አያ ደሞዜ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ እናትዎ ቃርሚያ ለቅመው አይደለም ያሳደጉዎት? እሳቸውም ሌባ ነበሩ?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ወደ ፖሊሱ ዞርኩና ጻፍ አልኩት። መጀመሪያ የእኔን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ አስጻፍኩ። ቀጥዬ የአንተን፤ የምትሠራበትን እርሻም፣ በማን መኪና እንደላክኸውም። ከዚያ የአሥራ ሦስቱን ቤት። ማሸጊያውን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት። አላቃጠልኩትም። ቃርሚያ ስርቆት ሆኖ መዝገብ ላይ ከሚገባ አንተ ብትታሰር ይሻላል፤ እኔም ብታሰር ይሻላል።

ፖሊሱ የየሺን ቃል ሊቀበል ገባ። ማንን ትከሻለሽ ብሎ ጠየቃት። «ሌባ አይደለችም ብላችሁ ጻፉልኝ» አለችው። «እሱንማ ጻፍኩ፤ ክስሽ በማን ላይ ነው?» አላት። «ሌላ የለኝም» አለች። ጽፎ አነበበላት። እንድትፈርም የቀኝ አውራ ጣቷን ቢይዝ ጣቷ አልታዘዝላት አለ። የግራዋን አስነካ።

ፖሊሱ የሰጠን ቀጠሮ ጥር 28 ቀን ነው። እሷ ክስ የላትም። እኔ ግን አለኝ፤ በራሴም ላይ፣ በአንተም ላይ። ና።

ስርጉት